ሁለት ስንዝር ከጋት

ዘኺራ ላይ ባሕሩ ሲሸሽ ከጭቃው ላይ፣
እርሳስ ይበቅላል፣ ሹል፣ ሽቅብ ወደ ሰማይ።
እዚህ ቁርም ይሉታል፣ መጽሐፉ ማንግሮቭ፤
እርሳሱ ሥሩ ነው፤ በዚያ ይተነፍሳል፤
ቅጠሉም በላቡ ጨውን ያፈሳል።

ይህን አሁን አወቅሁ።
ያኔ ግን ስመጣ፣ ከአል ኾር ማድ ቤት፣
ዐረብኛን ከድስት ከተማርሁበት፣
ችግኝ ማለት ለኔ ጥቁር ላስቲክ ነበር፣
ከመኪና ወርዶ ጭቃ ውስጥ የሚቀበር።

ሦስት ዓመት ተከልን። ሦስት ዓመት ሞተ፣
ሥሩ ጥቁር ሆኖ፣ ግንዱ እየሸተተ።
ካቦው ከመኪናው፣ ከጥላው ሳይወርድ፣
«እጃችሁ ነው» ይላል፣ በእጃችን ሲፈርድ።
ረፊቁል እጁን ዐየ፤ ገልብጦም ዐየው፣
ሲልሄት የሩዝ ማሳ ላይ አንድም ቀን ያላሳፈረውን እጁን።
እኔም የኔን ዐየሁ።
ማታ ለሐረጓ፣ ለክፍል ጓደኛዬ፣
ስነግራት ሳቀች፦ «ጥናቱን ይስጥሽ፣ እትዬ!»

ለካስ ሰጥቶን ኖሯል።
ጥናቱ ታትሞ፣ ተጠርዞ፣ ታሽጎ፣
ሁለት ዓመት ተኝቷል፣ መሳቢያ አልጋ አድርጎ።
ከዚያ መሳቢያ እስከዚህ ጭቃ
በእግር አሥር ደቂቃ።

በአራተኛው ዓመት ዶክተር ሙኒራ መጣች፤
ቦት ጫማ አጥልቃ፣ ሠንጠረዥ ዘረጋች።
«ከአማካይ የባሕር ወለል በላይ
ዜሮ ነጥብ አራት ስምንት...»
ነፋሱ ወረቀቷን ገለበጠው።
ረፊቁል ራሱን ነቀነቀ፣
ያልገባው ሰው እንደሚነቀንቅ።
ዐሥራ አንድ ሆነን ቆመናል፣
በአምስት ቋንቋ ዝም ብለን።

ስንዱ ነው ስሜ፤ ግን ስንዱ አልነበርኩም፣
«በስንዝር ስንት ነው?» ስል ራሴን አልሰማሁም።
ዝም አለች። ንቀት የመሰለኝ ሐሳብ ነበር።
ተንበረከከች፤ ጭቃው ጉልበቷን ዋጠ፤
እጄን በሜትሯ ለካች፤ ቁጥሩ ተለወጠ፦
ሁለት ስንዝር ከጋት።

«በማን እጅ?» አለ ረፊቁል፣ መዳፉን አንስቶ።
እውነቱን ነው፤ የሱ ስንዝር የኔን ውጦ ይተርፋል።
የውሃ ቧንቧ ቆረጥን፤
እሷ ከቸነከረችው ምልክት ጀምረን
በኔ እጅ ለካንና ቀይ ክር አሰርንበት።
ከክሩ በታች አይተከልም።
ይህን ለመረዳት ማንም ማንበብ አላስፈለገው።

ያን ጊዜ ቢኖይ ደፈረ፣
እስከዚያ ቀን «እሺ» ብቻ የሚወጣው ሰው፦
«የሸርጣን ጉድጓድ አጠገብ ከሆነ፣ ችግኙ ይጠናል» አለ።
ዞር ብላ ዐየችው።
«ይህ እኔ ጽሑፍ ውስጥ የለም።»
ወረቀቷ ረጥቦ ስለነበር መዳፏ ላይ ጻፈችው።
ይጠናል፤
በሁለቱም ፍቺው።

ዓርብ ዓርብ ቤተሰብ ይመጣል፣ ምንጣፍና ፔርሙዝ ይዞ።
አንድ ልጅ፣ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው፣
በእርሳሶቹ ላይ ይዘላል፤ ቀጭ፣ ቀጭ ይላሉ።
«ተው» አልኩት በማድ ቤት ዐረብኛዬ፣
«አፍንጫው ነው። የረገጥከው አፍንጫውን ነው።»
የራሱን አፍንጫ በሁለት ጣት ያዘ፤
ፊቱ ቀላ፤ ለቀቀው።
ከዚያ አባቱን፣ ነጭ ቀሚስ የለበሰውን ረጅም ሰው፣
በእጅጌው ጎትቶ ከሥሮቹ መሃል አወጣው፤
ምክንያቱንም፣ ጣቱን ወደኔ ቀስሮ፣
ከኔ በተሻለ ዐረብኛ አስረዳው።

ማታ ሐረጓ ዛሬም ጠየቀችኝ፦
«ስንቱ ተረፈ?»
አልቆጠርኩም፣ አልኳት።
ነገ፣ ባሕሩ ሲሸሽ።